ኮምቦልቻ አድረው የማያውቁት ኢንጂነር

የጋሽ አስፋውን ሞት የሰማሁት በስልኬ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «ኢንጂነር አስፋው ዐርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ ደሴ ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። «ነፍስ ይማር»፣ ሁለት እጆች የተጋጠሙበት ምስል፣ የሚያለቅስ ፊት፣ እንደገና «ነፍስ ይማር»። ሱብሃነላህ! ሰውየው በሕይወት ሳሉ በራቸውን ያንኳኳ አንድ እንኳ ከነዚህ መሀል የለም። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ንዴት ይሁን ኀዘን እስካሁን አልለየሁትም።

እኔ ዘይነባ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ተወልጄ፣ ኮምቦልቻ አግብቼ፣ እዚያው ነዳጅ ዴፖ ውስጥ የመለዋወጫ ስቶር ኪፐር ሆኜ ያረጀሁ ሴት ነኝ። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ጋሽ አስፋው ግን ይህንን አፌን ይወዱት ነበር። «ዘይነባ ዝም ካለች አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው» ይሉ ነበር። የዴፖው ቴክኒክ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። የትኛው ፓምፕ የትኛውን ነዳጅ ይግፋ፣ የቱ ቧንቧ በየት ይለፍ፣ ይህን ሁሉ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ስቶሬ ከፓምፕ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ቀኑን ሙሉ ሲገቡ ሲወጡ አያቸዋለሁ።

ጋሽ አስፋው የደሴ ሰው ናቸው፣ ያውም ከጦሳ ተራራ ሥር። ጠዋት ጠዋት ከደሴ የሚመጣውን ሰርቪስ ተሳፍረው የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳሉ። ያንን ወፍራም ቡናማ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይመጡና ገና ከመኪናው ሲወርዱ ማውለቅ ይጀምራሉ። «ኡፍ! ይሄ ቆላችሁ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ እናደዳለሁ። «ቆላ አይደለንም ጋሽ አስፋው፣ እናንተ ናችሁ ጉም ውስጥ የምትኖሩት» እላቸዋለሁ። ካፖርቱን አጣጥፈው ስቶሬ ውስጥ ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ ማታ ፀሐይ ሳትገባ ለብሰውት ይሄዳሉ። ሰርቪስ ቢያመልጣቸው እንኳ በሚኒባስ ተጋፍተው ይወጣሉ እንጂ አያድሩም። «ኮምቦልቻ ደግሞ ሰው ያድራል እንዴ? ለወባ ልሰጥ?» ይሉኛል እየሳቁ። የደሴ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ኮምቦልቻ ማለት ለነሱ ፀሐይ ማለት ነው፤ ወርዶ ሠርቶ፣ ላብን ጠርጎ መመለስ። ብርዱ የነሱ ብቻ ይመስላቸዋል።

ሚስታቸው ገና በወጣትነቷ ሞታባቸው ሌላ አላገቡም። ልጅም አልነበራቸውም። ደሴ ከታላቅ እኅታቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ፓምፕ ግን ካስጀመርናቸው የሚያቆማቸው የለም።

አንድ ቀን ስቶር ውስጥ የፓምፕ መለዋወጫ ሳስረክባቸው «ግን ጋሽ አስፋው፣ ይሄ ሁሉ ዓይነት ፓምፕ ለምንድን ነው? አንድ ጥሩ ፓምፕ ገዝታችሁ ለሁሉም ብታደርጉት ምናለ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ ትምህርት ሊሰጡ ነው።

«ፓምፕ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው» አሉኝ። «አንዱ ወርዋሪ ነው። ውስጡ እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከር ነገር አለው፤ ፈሳሹን ያሽከረክርና ይወረውረዋል። ሴንትሪፉጋል የሚሉት እሱ ነው። ውሃ ስጪው፣ ቤንዚን ስጪው፣ ነጭ ናፍጣ ስጪው፣ ይወረውርልሻል። ሌላው አጉራሽ ነው። ሁለት ጥርሳም ብረቶች ተቃቅፈው ይዞራሉ፤ በጥርሳቸው መሀል ትንሽ ትንሽ እየያዙ ወደ ፊት ያጎርሳሉ። ጊር ፓምፕ ይባላል። እሱ ቀስ ይላል፣ ግን ወፍራም አይፈራም።»

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?»

«ገንፎ ትወረውሪያለሽ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«በቃ። ገንፎ ይጎረሳል እንጂ አይወረወርም።»

እንደዚህ ነበሩ። ፓምፕ ሲሠራ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ ያደርጉና ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ ካወራሁ «ዝም በይ፣ እየተናገረች ነው» ይሉኛል። አንዳንዴ ደግሞ መዳፋቸውን ያስቀምጡባታል፣ ልክ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስሱ። «ፓምፕ አይጠጣም፤ ሲያጠጡት ነው የሚጠጣው» የሚሉት ነገርም ነበራቸው። ከነዳጅ ታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚመጣው ቧንቧ አጭርና ሰፊ ካልሆነ፣ በተለይ ለወፍራም ነዳጅ፣ ፓምፑ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ባዶውን ይጮሃል ማለታቸው ነው። ስንት ጊዜ ይህን ነገር ሲደጋግሙት ሰማሁ! በኋላ እኔም የቤቴ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ሠራተኛውን «መግቢያውን አስፋው» ማለት ጀምሬ ባሌ ሳቀብኝ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ፓምፕ ሻጭ መጣ። ከረባት ያሰረ፣ ሽቶ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት የያዘ። «ጋሼ፣ ይሄ ፓምፕ ማንኛውንም ፈሳሽ ይገፋል!» አላቸው። ጋሽ አስፋው ወረቀቱን እንኳ አላዩትም። «አግብተሃል?» ብለው ጠየቁት። «ገና ነኝ» አለ ግራ ገብቶት። «ማንንም አገባለሁ የምትልህን ሴት ታገባለህ?» ሲሉት እኔ ከስቶሩ በር ላይ በሳቅ ወደቅሁ። ሻጩ ላብ በላብ ሆነ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡትና ረጋ ብለው ነገሩት። «መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ፓምፑ አይደለም፣ ስለ ነዳጁ ነው። ምን ያህል ይወፍራል? ሲበርደው ምን ይሆናል? ፓምፕ በደህና ቀኑ አይመረጥም፣ በክፉ ቀኑ ነው የሚመረጠው። ክፉ ቀኑን ጠይቀህ ና።» ልጁ አመስግኖ ሄደ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ ራሳቸው የተሳሳቱት።

ያ የጦርነት ክፉ ጊዜ አልፎ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሥራ ሲጀምሩ፣ ለቦይለራቸው ጥቁር ናፍጣ ፈለጉ። ጥቁር ናፍጣ ማለት ያ መኪና ላይ የማይገባው፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚለው ወፍራም ነዳጅ ነው። ዴፖአችን እስከዚያ ድረስ ነጭ ናፍጣና ቤንዚን እንጂ እሱን አስቀምጦ አያውቅም። አንድ ታንከር ታጥቦ ተዘጋጀና ፓምፕ ምረጡ ተባለ። መራጩ ጋሽ አስፋው ናቸው።

አላህ ያሳያችሁ፣ አልቸኮሉም። ጥቁር ናፍጣውን የጫኑት ቦቴዎች ከጅቡቲ በሚሌ በባቲ አድርገው ሲመጡ ቆመው ይጠብቃሉ። በቆርቆሮ ይቀዳሉ፣ ቴርሞሜትር ይነክራሉ፣ በቀጭን ቀዳዳ አፍስሰው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በሰዓታቸው ይይዛሉ። ናፍጣው እንደ ቀጭን ሽሮ ይንቆረቆራል። እንዴት አይንቆረቆር! አፋር በረሃ ላይ ሲቀቀል የመጣ ነው። እጄን ወደ ቦቴው ባስጠጋ ያቃጥለኛል።

ምርጫው የተወሰነበት ቀን ስብሰባው እኔ ስቶር ውስጥ ነበር የተካሄደው፤ ያሉንን መለዋወጫዎች ማየት ስለፈለጉ። ጋሽ አስፋው እንደ ልማዳቸው ጥያቄዎቻቸውን አንድ በአንድ አነሱ። ወፍራምነቱ ተለክቷል። ርቀቱ ታውቋል። «የቀረው ቅዝቃዜው ነው» አሉና ራሳቸው ሳቁ። «ኮምቦልቻ ደግሞ ምን ብርድ አለ!» ሁላችንም ሳቅን። ሰው በገዛ አገሩ ሙቀት ሲቀለድ ደስ ይለዋል መቼም። በዚያ ሙቀት የሚንቆረቆር ናፍጣ ከሆነ ወርዋሪው ፓምፕ ይበቃዋል ተባለ። ከሌሎቹ ፓምፖቻችን ጋር አንድ ዘር ስለሆነ መለዋወጫውም እኔ ጋ አለ። ጊር ፓምፕ ከውጭ እስኪመጣ ብዙ ያስጠብቃል። ታንከሩ ውስጥ የሚዘረጋው የማሞቂያ ቱቦም ይቅር አሉ፤ ለሞቀ አገር ምን ያደርጋል ብለው። ፈረሙ።

በበጋው ሙቀት ፓምፑ ዘፈነ። ፋብሪካዎቹ አመሰገኑ። ጋሽ አስፋውም መዳፋቸውን እያስቀመጡባት «ጎበዝ» ይሏት ነበር።

ኅዳር ገባ። በመሀሉ መንገድ ላይ ችግር ነበርና ቦቴዎቹ ዘገዩ። የነበረው ናፍጣ ታንከር ውስጥ እየበረደ ከረመ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የፓምፕ ኦፕሬተሩ ሁሴን ለአንድ ፋብሪካ ሊጭን ፓምፑን አስነሳ። እኔ ገና በሩ ላይ ስደርስ ድምፁን ሰማሁት። ፓምፗ ጠጠር የምታኝክ ትመስላለች። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ጭስ ወጣ፣ ሁሴን እየጮኸ ማብሪያውን ሲያጠፋ አየሁት። ሞተሩ ተቃጥሏል። የፓምፑ ማሸጊያ ተበጥሶ ጥቁሩ ናፍጣ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ አይፈስም፣ ዝም ብሎ ይሰፋል። የፋብሪካው ቦይለር ቀዘቀዘና ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሁሴንን ላስተዋውቃችሁ። ዝምተኛ ሰው ነው። አገሩ ቢስቲማ ነው፣ እናቱ እዚያ አሉ፤ እዚህ ደግሞ ሚስትና ልጆች። ሁሉም የሚያዩት የሱን እጅ ነው። ኮሚቴ ተቋቋመና የተጻፈው ነገር «ኦፕሬተሩ የመግቢያውን ቫልቭ ሳይከፍት ፓምፑን በማስነሳቱ» የሚል ሆነ። ከሥራ ይሰናበት ተባለ። ሁሴን ስቶሬ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ወላሂ ከፍቻለሁ ዘይነባ። ለማን ልማል? ማን ይስማኝ?» አለኝ። ለሰው የማያለቅስ ሰው ዐይኑ ቀልቶ ነበር።

ጋሽ አስፋውም ኮሚቴው ውስጥ ነበሩ። ያን ሰሞን አይስቁም፣ አያወሩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስቶር ገብተው ካፖርታቸውን ከምስማሩ ላይ ሲያወርዱ ቆም አሉ።

«ዘይነባ» አሉኝ፣ «ኮምቦልቻ ጎህ ሲቀድ ይበርዳል እንዴ?»

«ኧረ ጋሽ አስፋው! በኅዳር ለሱብሒ ሰላት ስነሳ የውዱው ውሃ ጣቴን ይቆርጠዋል እኮ። አንዳንድ ቀን አሙቄ ነው የምታጠበው።»

ካፖርታቸውን እንደያዙ ወደ ታንከሩ ሄዱ። ያን ቀን ሰርቪሱ ያለ እሳቸው ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምቦልቻ አደሩ፣ ዘበኞቹ ክፍል ውስጥ።

በነጋታው የሚረከቡኝ ዕቃ ስለነበር ከሱብሒ በኋላ ቀድሜ ገባሁ። ታንከሩ አናት ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ካፖርት ለብሰው ኮምቦልቻ ሲቆሙ አይቻቸው ስለማላውቅ ማን እንደሆነ አልለየሁም ነበር። የታንከሩን መለኪያ ዘንግ ስበው አውጥተው ጫፉን ቁልቁል ይዘውታል። ናፍጣው ዘንጉ ላይ ወፍሮ ተንጠልጥሏል። ቀስ ብለው መሰላሉን ወረዱና ዘንጉን አሳዩኝ።

«አየሽው? አይወርድም እኮ» አሉኝ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ክፉ ቀኑን ጠይቁ እላለሁ። እኔ ፀሐይ ወጥታ እመጣለሁ፣ ፀሐይ ሳትገባ እሄዳለሁ። የኮምቦልቻን ክፉ ሰዓት አላውቀውም ዘይነባ። ሳላውቀው ፈረምኩ።»

«አብሽሩ፣ ማንም እርስዎን አልወቀሰም» አልኳቸው።

«እሱ አይደል ክፋቱ!» አሉ።

ሠራተኛው ሁሉ ካፍቴሪያው ውስጥ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ የሁሴንን ውሳኔ ሊያነብ ነው። ጋሽ አስፋው ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም በሁሴን ሲያመካኝ እሳቸውን ማትረፉ ነበር፣ ያን ሁሉም ያውቃል። ውሳኔው ተነቦ ሳያልቅ ጋሽ አስፋው ተነሱ።

«ዝም ብዬ ብቀመጥ ማንም አይነካኝም፤ አውቃለሁ» አሉ። «ፓምፑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ናፍጣውን የለካሁት በሚሌ ሙቀት እንደጋለ ነው፤ እዚህ አድሮ ሲበርደው አላየሁትም። ማሞቂያው ይቅር ያልኩትም እኔ ነኝ። ቫልቩን ከፍቼም ሞክሬዋለሁ፣ ናፍጣው አይመጣም። ሁሴን ያጠፋው ነገር ቢኖር አስነሳ ስንለው ማስነሳቱ ነው።»

«ጋሽ አስፋው፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ። «ይሄ በኮሚቴ የታየ ጉዳይ ነው።»

«ኮሚቴው ውስጥ እኔም ነበርኩ። አይተን አይደለም የጻፍነው።»

እኔ አልቻልኩም፣ «እውነታቸውን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ከኔ በቀር ግን የተነፈሰ የለም። ሁሴን አንገቱን ደፍቶ ነበር፣ ቀናም አላለ።

ሁሴን ሥራው ላይ ቀረ። ጋሽ አስፋው ከኃላፊነታቸው ተነሡና ግቢው ጥግ ያለችው፣ አሮጌ ጎማ ይቀመጥባት የነበረችው ክፍል ተሰጠቻቸው። ጠረጴዛ አላቸው፣ ወንበር አላቸው፣ ሥራ የላቸውም። አለቆቹ ውሸታም አደረጉን ብለው አኮረፉ። ሠራተኛው አለቆቹን ፈራ። ከፊሉ ደግሞ እኔ እንደሚመስለኝ ያን ቀን ዝም ማለቱ አሳፍሮት ነው የሸሻቸው። ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ ብቻ አጠረ። ጠዋት ከሰርቪሱ ሲወርዱ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ሰው ኋላ ተጨናንቆ እያለ። ለምሳ ካፍቴሪያ ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ቶሎ ቶሎ ይጨርሳሉ። እኔ ሄጄ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ አወራለሁ፣ እቀልዳለሁ፤ ግን የአንድ ሰው አፍ ስንት ባዶ ወንበር ይሞላል?

ከሁሉም የከፋው የሁሴን ነገር ነው። ጋሽ አስፋውን ከሩቅ ካየ በታንከሮቹ መሀል ይጠመዘዛል። አንድ ሁለቴ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ዕቃ የወደቀበት መስሎ ጎንበስ ሲል አይቻለሁ። ጋሽ አስፋው ያልፋሉ። ካለፉ በኋላ ግን አንዴ ዞር ይላሉ።

ትክክለኛው ፓምፕ መጣ። ጊር ፓምፕ፣ ከነማሞቂያ ቱቦው፣ መግቢያው አጭርና ሰፊ። ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን በምሥጢር የጠየቋቸው ራሳቸውን ነው፤ የተፈረመው በሌላ ስም ነው። የተመረቀ ቀን ጠቦት ታረደ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ እሳቸውን የጠራ የለም። ፓምፑ ሲነሳ ከክፍላቸው ደጃፍ ወጥተው ቆሙ። ጆሮአቸውን ወደዚያ ዘንበል አድርገው ሰሙ። እኔ ለስላሳ ይዤ ስደርስ «ደህና ታጎርሳለች» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ከዴፖው አጥር ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው ኮምቦልቻ ገቡ። እኅታቸው ደሴ ሆነው ያለቅሳሉ፣ ሰው አበደ ይላል። «ምነው ጋሽ አስፋው፣ ጦሳን ጥለው?» አልኳቸው።

«በማላውቀው አገር ላይ ፈረድኩ። ልወቀው እንጂ» አሉኝ።

ጡረታ ከወጡ በኋላም አልተመለሱም። ጎህ ሲቀድ ካፖርታቸውን ለብሰው አጥሩ ጋ ይቆማሉ፤ ጊር ፓምፑ ስትነሳ ትንሽ ሰምተው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። እኔ ለሥራ ስመጣ አንዳንዴ አገኛቸዋለሁ። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ዛሬ ብርዱ ጠንከር ብሏል» ይሉኛል፣ ልክ የራሱን ከብት እንደሚያውቅ ሰው። ከኔ ሌላ እንዴት አደሩ የሚላቸው ይኖር ይሆን እያልኩ እሄዳለሁ።

በዒድ በዒድ ዳቦና ቴምር ይዤ እሄድ ነበር፤ የኛን ሥጋ እንደማይበሉ ስለማውቅ። ክፍሏ ንጹሕ ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ወንበር ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። «ይሄ ለማን ነው?» አልኳቸው አንድ ጊዜ ለቀልድ። «ለሚመጣ» አሉ። «ማን ይመጣል?» አልኩ፣ አፌን በቆረጠው! እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «አብሽሪ፣ አንቺ መጥተሽ የለ?» አሉኝ።

መቼም ሁለት ነገር ሳይጠይቁኝ አልወጣሁም። «ፓምፗ እንዴት ናት?» ይላሉ፤ በየቀኑ ድምፅዋን እየሰሙ። ቀጥለው «ሁሴንስ?» ደህና ነው እላቸዋለሁ። «ልጆቹስ?» ደህና ናቸው። «ጊዜ ሲያገኝ ብቅ ይበል በይው» ይሉኛል። እኔም በነጋታው ሁሴንን ፓምፕ ቤት ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ። «ሂድ እንጂ አንተ ሰው፣ እኒያ ሽማግሌ ይጠይቁሃል።» እሱ ጨርቁን እጁ ላይ እየጠቀለለ «እሺ፣ ኢንሻአላህ» ይላል። ስንት ዒድ አለፈ። አልሄደም።

አከራያቸው ናት ጠዋት ከክፍላቸው ሳይወጡ ሲቀሩ ገብታ ያገኘቻቸው። እኅታቸው መኪና ልከው ወደ ደሴ ወሰዷቸው።

ቀብሩ ላይ ያ ሁሉ በስልክ «ነፍስ ይማር» ያለ ሰው አልመጣም። ድርጅቱ የአበባ ጉንጉን ላከ፤ ሾፌሩ አድርሶ ተመለሰ። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳለች፣ ካፊያ ይጥላል። ካህናቱ፣ እኅትየው፣ የሰፈራቸው ዕድርተኞች፣ እኔ። ሣጥኑ ወርዶ አፈር መመለስ ሲጀመር አንድ ሰው በሰው መሀል ገፍቶ ገባና ከአንዱ እጅ አካፋ ተቀበለ። ናፍጣ የነካው የሥራ ቱታ ለብሷል። ሁሴን ነው። አፈሩን ያስገባል፣ ያስገባል፣ ዕድርተኞቹ «እናግዝህ፣ ተራ እናድርግ» ቢሉት አካፋውን አይሰጥም። ለቀስተኛው ሁሉ እሱን ማየት ጀመረ። የሟቹ ልጅ ነው ወይ ብላ አንዷ ጠየቀችኝ።

ጉድጓዱ ሲሞላ ወደ ጎን ወጣ። እኔ ለዓመታት ያጠራቀምኩትን ስድብ ይዤ ሄድኩበት።

«አሁን ነው የምትመጣው? በሕይወት እያሉ ስንት ጊዜ ጠሩህ! ከዴፖው እስከ ደጃቸው ተጠራርታችሁ የምትሰማሙበት ቦታ!»

«ምን ልበላቸው ዘይነባ?» አለኝ። ዝናቡና እንባው አንድ ላይ ይወርዳል። «አመሰግናለሁ ልበል? እሱን ካልኩ፣ አዎ ጥፋቱ የርስዎ ነበር ማለቴ ነው። አፉ ይበሉኝ ልበል? እኔ ምን አጠፋሁ? ወላሂ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንድም ቀን አይደለም። ቃሉን አጣሁት።»

«ቃል ማን ጠየቀህ? ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር እኮ!» አልኩት። ከዚያ በላይ ስድብ አልወጣ አለኝ። ሰው እንደዚህ ሆኖ እየተንገበገበ ምን ይሰድቡታል።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቀኑ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት ተረኛው እሱ ነው።

«ማን ተክቶህ መጣህ?»

«ማንም አልተካኝም። ፓምፑ አልተነሳም። ቦቴዎቹ እንደቆሙ ናቸው።»

«ሳታስፈቅድ?»

«ባስፈቅድ ይከለክሉኛል።»

ደነገጥኩ። ይሄ ሰው እንጀራው እንዳይቋረጥ አይደል ያ ሁሉ የሆነው? «አንተ ሰው፣ ያባርሩሃል እኮ! አሁን ደግሞ ተነስቶ እኔ ነኝ የሚልልህ ሰው ይኸው እዚህ ተኝቷል» አልኩት።

ሁሴን አካፋውን ለባለቤቱ መለሰ። መዳፉ ላይ የቀረውን ጭቃ በቱታው ጠረገ።

«እኔው እላለኋ» አለኝ። «ሰብስበው ማነው ያላስነሳው ሲሉ፣ ተነስቼ እኔ ነኝ እላለሁ።»